በልክ የተሠራ ዱላ

(ፊኒክስ፣ አሪዞና ባለፈው ቅዳሜ በተገናኘንበት ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። “ጽፈህ ለጥፈው” ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። ማይክራፎኑ እምቢ ያለባትን አምስት ደቂቃ ብቻ ዘልያታለሁ።)

እንዴት አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንዴት አመሻችሁ?

እንዲህ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ይመስገን። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከኋላ ተደብቃችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ የፊኒክስ ሙቀት ከቤት መውጣት በራሱ ጀግንነት ነው።

አዘጋጆቹ ደውለው “ስለ ሥራህ ንገረን” አሉኝ። ሥራዬ የጎልፍ ዱላ መጠገን ነው አልኳቸው። ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ?” አልኩ። “አለን፣ አለን... በቃ ስለሱ ንገረን” አሉኝ። እንግዲህ ጥፋቱ የነሱ ነው።

ጎልፍ የሚጫወት እጁን ያውጣ እስቲ። አንድ፣ ሁለት... አራት። እሺ፣ የጎልፍ ሻንጣ ታክሲ ላይ የጫነ ወይም ኤርፖርት ውስጥ የተሸከመስ? አያችሁ! ግማሹ አዳራሽ። ለዓመታት የተሸከምነው ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ብናውቅ ምን ይለናል?

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ ሰውዬው። ሁለተኛ ዱላው። ሦስተኛ ጸቡ። ጸብ ስል ነቃ ያላችሁትን አይቻለሁ። ትንሽ ታገሡ።

አንደኛ፣ ሰውዬው።

ካርስተን ሶልሃይም ይባላል። ፒንግ የሚባለውን የጎልፍ ዱላ የፈጠረው ሰው ነው። በ1911 ኖርዌይ ውስጥ በርገን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እናንተ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ስሙ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ አትላንቲክን አቋርጦ አሜሪካ ገባ። ሲያትል ሰፈሩ። ስደተኛ ነው ማለት ነው። እንደኛው። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር። ልጁም መዶሻና ቆዳ መሃል አደገ።

“ጫማ ሠሪ” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ኋላ እመለስባታለሁ።

ልጁ ኢንጂነር መሆን ፈለገ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ተማረ። ዘመኑ ግን ያ የታወቀው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ገንዘቡ አለቀ፣ ትምህርቱ ቆመ። ወደ ጫማው ተመለሰ። ሶል ቀየረ፣ ተረከዝ መታ። በ1936 ሉዊዝ የምትባል ልጅ አገባ። ድስትም ሸጧል። በየቤቱ በር እያንኳኳ! ከመሃላችን ይህችን ያልቀመሰ ማን አለ?

በጦርነቱ ጊዜ ሳንዲያጎ ውስጥ አንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ገባ። የጎደለውን ትምህርት እየሠራ ሞላው። በ1953 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቀጠረው። እዚህ ጋ አስተውሉልኝ። ሰውዬው አርባ አልፎታል። ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም። ዱላ ነክቶ አያውቅም።

የሥራ ባልደረቦቹ “አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ና” አሉት። ሄደ። ዕድሜው 42 ነበር።

አርባ ሁለት! እዚህ ውስጥ “አሁን ምን ልጀምር፣ ጊዜዬ አልፏል” የሚሉ ሠላሳ አምስት ያልሞላቸው ሰዎች አውቃለሁ። አሁን ዓይኔን ወደ ማንም አላዞርም።

ካርስተን ኳሷን ከሩቅ መምታት አላስቸገረውም። ያናደደው የመጨረሻዋ ነች። ጎልፍ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሜዳው ላይ 18 ጉድጓድ አለ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ስፋቱ ከአሥር ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ አይሰፋም። ደህና ተጫዋች 18ቱን በ72 ምት ይጨርሳል ተብሎ ይታሰባል። ከ72ቱ ግማሹ፣ 36ቱ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ደርሰህ ኳሷን ቀስ አድርገህ የምታንከባልልባቸው ናቸው። ያንን የምታደርግበት ዱላ ፓተር ይባላል። ከሩቅ 250 ሜትር መትተህ አንድ ምት። ከዚያ አንድ ሜትር ስተህ እሱም አንድ ምት። ሰው የሚያብደው እዚህ ላይ ነው።

ካርስተንም አበደ። ልዩነቱ፣ ሌላው ሰው ሲስት እጁን ይረግማል። ካርስተን ዱላውን ገልብጦ አየ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዕቃው? ብሎ ጠየቀ። አትሳቁ፣ ማመካኘት እኮ አይደለም። የሚያመካኝ ሰው ዕቃውን ይወረውራል። ኢንጂነር ዕቃውን ይለካል። እሱ ለካ።

እና ምን አገኘ? እዚህ ላይ ረዳት ያስፈልገኛል። አንተ፣ ባለ አርሴናሉ፣ ና እስቲ። ና፣ አይዞህ። አርሴናል ስለሆንክ ትዕግሥት አያንስህም።

ይህን የመጥረጊያ እንጨት መሃሉን ያዝ። እነዚህ ሁለት ሙሉ ሃይላንዶች ናቸው። መጀመሪያ እጅህ አጠገብ፣ መሃል ላይ አሥሬልሃለሁ። አሁን ግራ ቀኝ አወዛውዘው። ቶሎ ቶሎ። ቀላል ነው አይደል? እሺ። አሁን ጠርሙሶቹን ፈትቼ ሁለቱ ጫፎች ላይ ላሥራቸው። ቆይ... ገመዱ... እሺ። አሁን አወዛውዘው። ቶሎ በል እንጂ! ምነው?

“ከበደኝ” አለ። ሰምታችኋል? አልከበደም። ያው ሁለት ጠርሙስ ነው። አንድ ጠብታ አልጨመርኩም። ቦታውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ክብደቱ ጫፍና ጫፍ ሲሆን እንጨቱ አልዞርም ይላል። አጨብጭቡለት። ጠርሙሱን ውሰደው፣ ያንተ ነው።

ካርስተን ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ፓተር ክብደቱ መሃል ላይ ነበር። ኳሷን ትክክል መሃሉ ላይ ካልመታህ የዱላው ራስ ይዞራል፣ ኳሷም ትጠማለች። እሱ ክብደቱን ወደ ሁለቱ ጫፍ ወሰደው። በትንሹ ብትስት እንኳ ዱላው አይዞርም። ይቅር ይልሃል። በሥራችን ቋንቋ እንዲህ ዓይነቱን “ይቅር ባይ ዱላ” እንለዋለን።

የመጀመሪያውን ሞዴል በምን ሠራው መሰላችሁ? በሁለት የአይስክሬም እንጨትና በስኳር። አዎ፣ ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠው ስኳር። ስኳሩን በሁለቱ ጫፍ አደረገ፣ እንጨቶቹን አጣበቀ፣ ዘንግ ሰካበት። እኔ ይህን ስሰማ ልጄ ለትምህርት ቤት የምትሠራው ነገር ነው የመሰለኝ።

ከዚያ በ1959 ካሊፎርኒያ፣ ሬድውድ ሲቲ፣ ጋራዡ ውስጥ በብረት ሠራው። 1ኤ ብሎ ጠራው። ብረቱ ከታች በኩል ክፍተት ነበረው። ኳስ ሲመታበት ጮኸ። ፒንግ! አለ። ካርስተን ሮጦ ለሉዊዝ ስሙን አገኘሁት አላት። ስሙም ፒንግ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው የፒንግ ኩባንያ ስሙን ያገኘው ከአንድ ድምፅ ነው። የእኛም ሰው በድምፅ ይሰይማል። ባጃጅ ስትመጣ ልጆች ምን ነበር የሚሏት? ... እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

በ1961 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ወዴት አዛወረው? ወደዚሁ ወደ ፊኒክስ። ወደ እኛ ከተማ! ጋራዡም አብሮ ተዛወረ። ቀን ቀን ኢንጂነር፣ ማታ ማታ ዱላ ሠሪ። ዱላዎቹን ይዞ ውድድር ወዳለበት ይሄድና ፕሮፌሽናሎቹ በሚለማመዱበት ሣር ዳር ይቆማል። “ይቺን ሞክራት” ይላል። ይስቁበታል። መልኳ አስቀያሚ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በጣም አስቀያሚ ነው! የቧንቧ ዕቃ ነው የምትመስለው። ግን አንዱ ሞከራት። ሌላው ሞከራት። በ1962 ጆን ባርነም የሚባል ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ተጫዋች በዚህ አስቀያሚ ዱላ ትልቅ ውድድር አሸነፈ። የፒንግ የመጀመሪያው ድል እሱ ነው።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ ውስጥ ገብቻለሁ መሰለኝ። ዱላው። እሺ፣ ገብቻለሁ።

በ1966 መጀመሪያ ካርስተን አንድ ሐሳብ መጣለት። ወረቀት አጠገቡ አልነበረም። የሸክላ ሙዚቃ ሽፋን ነበረ። ሸክላ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ... ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እናመሰግናለን። በሽፋኑ ላይ ሣላት። ይቺ ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ በብዛት የተቀዳች ፓተር ሆነች። ሌላ ኩባንያ የሠራውን ፓተር ብታገላብጡ፣ ብዙውን ጊዜ የዚች የልጅ ልጅ ነው።

ስም ጠፋ። ሉዊዝ “መልስ” በላት አለችው። ለሌሎቹ ሁሉ መልስ ናትና። በእንግሊዝኛ አንሰር። ካርስተን ቃሉ ረጅም ነው፣ ብረቱ ላይ አይበቃም አለ። ሉዊዝ ምን አለች? ታዲያ ደብልዩዋን አውጣት። ስትነበብ ያው ነው! አንሰር በዚያ አጻጻፍ ቀረች። አያችሁ፣ የባል ሐሳብ ብረት ላይ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሚስት አንድ ፊደል ታወጣለታለች። እህቶች፣ ይህን ጭብጨባ ለሉዊዝ አደርሳለሁ።

በ1967 የባለቤትነት ፈቃዷ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁሊየስ ቦሮስ የሚባል ተጫዋች እዚሁ የፊኒክስ ኦፕን የሚባለውን ውድድር በአንሰር አሸነፈ። ትእዛዝ ጎረፈ። ካርስተን ሥራውን ለቀቀ። በ55 ዓመቱ! ደመወዝ ያለው ሰው፣ ጡረታው የቀረበ ሰው፣ ልጆች ያሉት ሰው፣ ለቆ ጋራዥ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆርጅ አርቸር ማስተርስን በፒንግ ፓተር አሸነፈ። ማስተርስ ማለት በጎልፍ እንደ ዓለም ዋንጫ በሉት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

በ1969 ደግሞ ወደ ሌሎቹ ዱላዎች፣ አይረን ወደሚባሉት፣ ዞረ። ያው ሐሳብ ነው። ከጀርባው መሃሉን ፈለፈለና ክብደቱን ወደ ዳር ዳር ገፋው። የድሮው አይረን ከጀርባው ልሙጥ ብረት ነው፣ የተቀጠቀጠ። የካርስተን ጎድጓዳ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን ቅርጽ በመዶሻ መቀጥቀጥ አይቻልም። እንዴት ሠራው?

ይህንን ነው የምወደው። በሰም!

መጀመሪያ የዱላው ራስ በሰም ይሠራል። ሰሙ እንደ ሸክላ በሚደርቅ ፈሳሽ እየተነከረ ይለበጣል፣ እየደጋገመ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ባዶው ቦታ ላይ የቀለጠ ብረት ይፈሳል። ሸክላው ይሰበራል። ዱላው ይወጣል። ይህን የት ነው የምታውቁት? ... ሰምና ወርቅ! በትክክል። የኛ አንጥረኞች መስቀል ሲሠሩ እንዲህ ነበር። ከዚያ ነው ቅኔው ስሙን የወሰደው። ፈረንጁ ሰሙን ለብረት አደረገው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስለ ወርቁ ካነሳን ደግሞ፣ ፒንግ ውስጥ ወርቅም አለ። አንድ ተጫዋች በፒንግ ፓተር ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ በወርቅ የተለበጠ ሁለት አምሳያ ይሠራሉ። አንዱን ለእሱ ይሰጡታል። ሁለተኛውን እዚሁ ፊኒክስ ካዝና ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከሁለት ሺህ በላይ አለ። ባለ ታክሲዎቹ፣ አድራሻውን እንዳትጠይቁኝ።

አሁን ስለ ራሴ ላውራ። ፈቅዳችኋል?

ፊኒክስ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ላይ ኳስ መልቀም ነበር። በሽቦ የታጠረች ትንሽ መኪና አለች፣ እሷን እየነዳህ በሺህ የሚቆጠር ኳስ ትሰበስባለህ። ሰዎቹ ደግሞ አያቆሙም፣ ይመታሉ። እንዲያውም አንተን ነው የሚያልሙት! ኳሷ ሽቦው ላይ ስታርፍ ጓ! ስትል ከሩቅ ይሳሳቃሉ። እኔም ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ምሽት ሰው ሲሄድ እኔም ልሞክር አልኩ። አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሄጄ የፒንግ አይረን ሙሉ ስብስብ ገዛሁ። ሞዴሉ አይ ቱ የሚባለው ነው። በ1982 የወጣ፣ በዘመኑ የናኘ ዱላ ነው። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና “ላንተ ልክ ነው” አለኝ። ከጀርባው ጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ነበረችው። ጌጥ መሰለችኝ። አረንጓዴ ደግሞ ጥሩ ነው አልኩ፣ ሰንደቃችን ላይ አለች።

ሁለት ዓመት ኳሴ ወደ ግራ ሄደች። ሁለት ዓመት! ቀጥ አድርጌ እመታለሁ፣ ወደ ግራ። ያየኝ ሁሉ ይመክረኛል። አንዱ “ጭንቅላትህን አታንሣ” ይላል። አንዱ “ትከሻህን” ይላል። አንዱ “ትንፋሽህን” ይላል። ሌሊት ሕልሜ ውስጥ ሁሉ ወደ ግራ ነው የምመታው። በቃ ለዚህ ጨዋታ አልተፈጠርኩም አልኩ።

አንድ ቀን አንድ የዱላ ጠጋኝ ሽማግሌ ጋ እጀታ ላስቀይር ገባሁ። ሽማግሌው ዱላዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ዱላዬን አየ። ምንም አላለም። ሜትር አመጣ። ቁመቴን ለካ። ከዚያ እጄን ዘና አድርጌ እንድጥል ነገረኝና ከእጄ አንጓ እስከ ወለሉ ለካ። ከዱላው ሥር፣ መሬት በሚነካው በኩል፣ ፕላስተር ለጠፈና ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ኳስ አስቀምጦ “ምታ” አለኝ። መታሁ። ዱላውን ገልብጦ አሳየኝ። ፕላስተሩ ላይ ጭረቱ መሃል መሆን ነበረበት። የኔ ተረከዙ ላይ ነበር።

“ይሄ ዱላ የረጅም ሰው ነው” አለኝ። እንደምታዩኝ እኔ ረጅም አይደለሁም። ለረጅም ሰው ዘንጉ ቀና ብሎ ይሠራል። አጭር ሰው ሲይዘው ጫፉ ከመሬት ይነሣል፣ ፊቱ ወደ ግራ ያያል። ኳሷም ወደ ግራ። ሁለት ዓመት ጭንቅላቴን ዝቅ ያደረግሁት በከንቱ ነው!

አረንጓዴዋ ነጥብ ጌጥ አልነበረችም። ልክ ነበረች። ፒንግ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቁመት በቀለም ምልክት አለው። ጥቁር ነጥብ መደበኛው ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ዘንጉ ቀና ያለ ነው። ቀይ ተኛ ያለ ነው። እኔ ቀይ ነበርኩ። ሽማግሌው ያን ብረት እንደ ልብ ማጠፍ አይቻልም ብሎ በባለ ቀይ ነጥብ ለወጠልኝ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሳምንት ሳይሞላ “ሥራ አስተምረኝ” ብዬው ገባሁ።

አሁን ጫማ ሠሪውን አምጡልኝ። ይዛችሁታል?

የዱላ ራስ ክፍሎቹ ምን ይባላሉ? መሬት የሚነካው ሶል። ወደ ዘንጉ ያለው ተረከዝ። ሌላኛው ጫፍ ጣት። ሶል፣ ተረከዝ፣ ጣት! ጫማ ነው እኮ! ስሙን ያወጣው ካርስተን አይደለም፣ ከሱ በፊት የነበረ ነው። ግን ሌላው ዱላ ሠሪ ለሁሉም አንድ ዱላ ሲሸጥ፣ የጫማ ሠሪ ልጅ ብቻ “ቁጥርህ ስንት ነው?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ማን 39 ቁጥር እግር ላይ 44 አጥልቆ “አካሄድህን አስተካክል” ይባላል?

ደግሞ እኛም ይህን እናውቀው ነበር። ሰላሌ ያደገ አለ? እኔ አድጌያለሁ። ገና ሲደርስ አጎቴ ጫካ ይወስደንና ራሱ የቆለመመ እንጨት ይፈልግልናል። እንጨቱን አጠገባችን ያቆመዋል። ታላቅ ወንድሜ ጋ አቁሞ ይቆርጣል፣ እኔ ጋ አቁሞ ይቆርጣል። አንድ ዓመት የወንድሜን ሰርቄ ገባሁ፣ ትልቅ ሰው ለመምሰል። ጥንጓን ስመታ መሬቱን መታሁ፣ ከዚያ የጎረቤታችንን ቁርጭምጭሚት። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ባይባል ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም።

በአማርኛ ደግሞ ቃሉ አንድ ነው። ትክክል ስንል “ልክ ነህ” እንላለን። መጠን ስንል “በልክህ” እንላለን። ያ ሻጭ “ላንተ ልክ ነው” ሲለኝ ልክ አልነበረም። ሳይለካኝ እንዴት ልክ ይሆናል?

ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ቡናው ሸተተኝ። ሦስተኛ፣ ጸቡ። ቶሎ እላለሁ።

የዱላው ፊት ላይ መስመር መስመር የተቆፈረ ነገር አለ። ሣርና ውሃ በዚያ ይወጣል፣ ኳሷም ተይዛ ወደኋላ ትሽከረከራለች። ስትወርድ ቀጥ ትላለች፣ አትሮጥም። ድሮ መስመሩ በእንግሊዝኛው የቪ ፊደል ቅርጽ ነበር። ከዚያ በሰም አሠራሩ የዩ ቅርጽ ማውጣት ቀለለ። ደንብ የሚያወጣው የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1984 ፈቀደ። ካርስተን አይ ቱ ላይ አደረገው። ችግሩ የመስመሩ ጠርዝ ስል ሆኖ ኳስ መላጥ ጀመረ። ተጫዋቾች አጉረመረሙ። ካርስተንም ጠርዙን በትንሹ አለዘበው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ጠርዙ ሲለዝብ መስመሩ ከየት ጀምሮ ይለካ? ከተጠማዘዘው ላይ ወይስ ከቀጥታው? ማኅበሩ ባወጣው አለካክ መስመሮቹ ከተፈቀደው በላይ ተቀራርበዋል ተባለ፣ 1987 ላይ። ልዩነቷ በዓይን የማትታይ ነች። የፀጉር ያህል። ካርስተን የኔ አለካክ ልክ ነው አለ። እነሱ የኛ ልክ ነው አሉ። ይኸው፣ ልክ! በ1989 በ100 ሚሊዮን ዶላር ከሰሳቸው። አንድ ሰው ለፀጉር ያህል ልዩነት! የፕሮፌሽናሎቹ ድርጅት ፒጂኤ ቱርም እነዚህን ዱላዎች ሊያግድ ተነሣ፣ ካርስተን እሱንም ከሰሰ።

ከማኅበሩ ጋር በ1990 ጥር ታረቁ። ካርስተን አዲሶቹን ሊያስተካክል፣ ከዚያ ዓመት ኤፕሪል 1 በፊት የተሠሩት አይ ቱዎች ግን ለዘለዓለም ሕጋዊ ሊሆኑ። ከፒጂኤ ቱር ጋርም በ1993 ታረቁ። ጸቡ ካምፓኒውን ጎድቶታል፣ እኔ ግን ካርስተንን አልወቅስም። ሽማግሌ ሰው ሜትሩን ሲነኩበት ምን ያድርግ?

ታሪኩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ2010 አዲስ ደንብ መጣ፣ ስል መስመር ተከለከለ። ታዋቂው ተጫዋች ፊል ሚክልሰን ምን አደረገ? ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራች አይ ቱ ከአቧራ አንሥቶ ውድድር ገባ! በዚያች ስምምነት ሕጋዊ ነበረች። አንድ ሌላ ተጫዋች ማጭበርበር ነው አለ፣ ጋዜጣው ሁሉ ተቀጣጠለ። በመጨረሻ በዚያው ዓመት የካርስተን ልጅ ጆን፣ ያኔ ኩባንያውን ይመራ የነበረው፣ ለፕሮፌሽናሎቹ ውድድር መብታችንን ትተናል አለ። እኔ ያን ሰሞን ሱቄ ውስጥ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? ሰው ሁሉ የአባቱን የድሮ አይ ቱ ከጋራዥ እያወጣ “ይሄ የየትኛው ዓመት ነው?” እያለ ይመጣ ነበር። አንዱማ የሚስቱን አባት ሳያስፈቅድ ነው ያመጣው።

ከዚህ ውጭ ብዙ አለ፣ ልለፈው። ካርስተንና ቤተሰቡ የሴቶቹን ትልቅ ውድድር፣ አውሮፓና አሜሪካ የሚገጥሙበትን የሶልሃይም ካፕን፣ በ1990 አስጀምረዋል። ሴቶች ልጆቻችሁ ስፖርት ለሚወዱ፣ እሱን አሳዩአቸው። ባባ ዋትሰን የሚባል ግራኝ ደግሞ በ2012 ሮዝ ቀለም ባለው የፒንግ ድራይቨር፣ ኳስን ሩቅ በሚመታው ዱላ፣ ማስተርስን አሸንፏል። በ2014 ደገመው። ካርስተን ይህን አላየም። በየካቲት 2000 እዚሁ ፊኒክስ ውስጥ፣ በ88 ዓመቱ አርፏል። ኩባንያው ግን ለሌላ አልተሸጠም፣ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ከልጁ ወደ ልጅ ልጁ ደርሷል።

ጥያቄ ያለው ቡናው ላይ ያግኘኝ። ልጆች፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አምስት ዱላ አስቀምጫለሁ። ንኩአቸው፣ ገልብጡአቸው፣ ነጥቡን ፈልጉ። አዳራሽ ውስጥ ማወናጨፍ የለም፣ እናቶቻችሁ ያዩኛል! ሜትርም አምጥቻለሁ፣ ቁመቱን መለካት የሚፈልግ ይሰለፍ። ባለ አርሴናሉ፣ አንተ መጀመሪያ ና። ባለ ቀይ ነጥቧን ግን መልሱልኝ። እሷ የኔ ናት።